ውዝፍ ደመወዝና የአሥር ሳንቲም መዋጮ

«ካሳ» የሚለው የአማርኛ ቃል ከሚቆጠረው ገንዘብ የሰፋ ትርጉም አለው። ደም በፈሰሰበት ወይም ንብረት በጠፋበት ጊዜ ለዕርቅ የሚቀመጡ ሽማግሌዎች ስለ መጠኑ ከመነጋገራቸው አስቀድመው በዳዩ በደሉን ማመኑን ይጠይቃሉ፤ ሳያምን የሚሰጠው ገንዘብ ምጽዋት ሊሆን ይችላል እንጂ ካሳ አይሆንም፤ ካመነ በኋላ ግን የሚከፍለው ቸርነቱ የፈቀደለትን ሳይሆን ያለበትን ዕዳ ነው። በዩናይትድ ስቴትስ ከአንድ መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ የዘለቀው የባርነት ካሳ ክርክር መቋጫ ያጣውም በዚሁ በመጀመሪያው ደረጃ ላይ፣ ማለትም ዕዳ መኖሩን በማመኑ ላይ ነው።

በዚህ ክርክር ውስጥ ደጋግሞ የሚሰማ አንድ ሐሳብ አለ። ጥቁር አሜሪካውያን ካሳ ከመጠየቅ ይልቅ በራሳቸው ጉልበት፣ በራሳቸው ቁጠባና በራሳቸው ማኅበር ቢታመኑ ይሻላቸዋል የሚለው ይህ ሐሳብ፣ ካሳንና ራስን መቻልን እንደ ሁለት ተቃራኒ መንገዶች ያቀርባቸዋል። የታሪኩ መዝገብ የሚመሰክረው ግን ሌላ ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የባርነት ካሳን በሕዝባዊ ንቅናቄ መልክ ያነሱት ሰዎች ሕመምተኛቸውን በመዋጮ የሚያስታምሙ፣ ሬሳቸውን በመዋጮ የሚቀብሩ፣ ከማንም እጅ ጠብቀው የማያውቁ ድሆች ነበሩ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባሉ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰሉ ናቸው።)

በባርነት ምክንያት ካሳ ተከፍሎ አያውቅም የሚለው አባባል በራሱ ትክክል አይደለም፤ ተከፍሏል፣ የተከፈለው ግን ለጌቶች ነው። ብሪታንያ በ1833 በግዛቶቿ ባርነትን በሕግ ስታስቀር 20 ሚሊዮን ፓውንድ የመደበችው «ንብረታቸውን» ላጡ ጌቶች ሲሆን፣ ነፃ ወጡ የተባሉት ሰዎች ደግሞ «ተለማማጅ» በሚል ስም ለተጨማሪ ዓመታት በአብዛኛው ያለ ደመወዝ እንዲሠሩ ተገደዋል። በአሜሪካም ፕሬዚዳንት ሊንከን ኤፕሪል 16 ቀን 1862 የፈረሙት ሕግ በዋና ከተማይቱ በዋሽንግተን ባርነትን ሲያስቀር፣ ነፃ ለሚወጣው ለእያንዳንዱ ሰው እስከ 300 ዶላር ለጌታው እንዲከፈል አዘዘ፤ ነፃ ለወጣው ሰው የተመደበለት ግን አገሩን ጥሎ ወደ ሄይቲ ወይም ወደ ላይቤሪያ ለመሄድ ከፈቀደ የሚሰጠው፣ ከ100 ዶላር የማይበልጥ ስንቅ ብቻ ነበር። ጌቶቹ ገንዘቡን ለማግኘት ባቀረቡት ማመልከቻ የሰዎቹን ስም፣ ዕድሜ፣ ቁመና፣ ሙያና ግምት በየተራ ዘርዝረዋል። የባርነት ጉዳት ረቂቅ ስለሆነ በገንዘብ ሊሰላ አይችልም ለሚሉ ወገኖች እነዚህ ማመልከቻዎች በቂ መልስ ይሰጣሉ፤ ስሌቱ ተሠርቷል፣ አገር የሚያውቀው መሥሪያ ቤትም መርምሮ ከፍሎበታል፣ የተሳሳተው ተቀባዩ ብቻ ነው።

ነፃ የወጡት ሰዎች ምን እንደሚፈልጉ የተጠየቁበት ጊዜም ነበር። ጃንዋሪ 12 ቀን 1865 ምሽት፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ ሊያበቃ ሦስት ወር ገደማ ሲቀረው፣ በጆርጂያ የወደብ ከተማ በሳቫና፣ ጄኔራል ዊልያም ሸርማን ባረፉበት ቤት ሃያ ጥቁር ሰባኪዎችና የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ከጄኔራሉና ከጦር ሚኒስትሩ ከኤድዊን ስታንተን ፊት ቀረቡ። ከመካከላቸው ቃል አቀባይ እንዲሆኑ የተመረጡት የ67 ዓመቱ ሰባኪ ጋሪሰን ፍሬዚየር ሲሆኑ፣ እኚህ ሰው ከስምንት ዓመት በፊት ለራሳቸውና ለባለቤታቸው ነፃነት 1,000 ዶላር በወርቅና በብር ቆጥረው የከፈሉ ነበሩ። ሚኒስትሩ ጥያቄዎቻቸውን በየተራ እያነበቡ መልሱ ቃል በቃል ይመዘገብ ነበር፤ ስለ ጄኔራሉ የሚጠይቁት በደረሰ ጊዜም ሸርማን ከክፍሉ እንዲወጡ ተደርጎ ሽማግሌው የልባቸውን እንዲናገሩ ዕድል ተሰጣቸው። ሕዝባቸው ራሱን እንዴት ሊችል እንደሚችል ሲጠየቁ ፍሬዚየር የሰጡት መልስ አጭር ነበር፦ መሬት ይሰጠን፣ በገዛ ጉልበታችን እናርሰዋለን፣ ገዝተን የራሳችን እስክናደርገው ድረስ። በዚህ መልስ ውስጥ ካሳውና ራስን መቻሉ አንድ ነገር ናቸው፤ ሽማግሌው የጠየቁት የሚበሉትን ሳይሆን የሚሠሩበትን ነውና።

ከአራት ቀን በኋላ ሸርማን ልዩ የጦር ሜዳ ትእዛዝ ቁጥር 15 የተባለውን አወጡ። ከደቡብ ካሮላይና እስከ ሰሜን ፍሎሪዳ የተዘረጋው የባሕር ዳርቻና ደሴቶቹ ለነፃ ወጪዎች እንዲከለሉ፣ ለአንድ ቤተሰብም እስከ 40 ኤከር እንዲሰጥ ያዘዘው ይኸው ትእዛዝ ነው፤ 40 ኤከር 16 ሄክታር ያህል፣ በቀድሞው የአገራችን አለካክ ከግማሽ ጋሻ ያነሰ መሬት ነው። በጥቂት ወራት ውስጥ 40,000 የሚሆኑ ሰዎች 400,000 ኤከር በሚደርስ መሬት ላይ ሰፈሩ። ሊንከን በኤፕሪል ተገደሉ፤ ወንበራቸውን የተረከቡት አንድሩ ጆንሰን ዓመቱ ሳያልቅ በጦርነቱ ላመፁት የደቡብ ባለ ርስቶች ምሕረት ሰጥተው መሬቱ እንዲመለስላቸው አዘዙ፤ ሰፋሪዎቹም ወይ ከቀድሞ ጌቶቻቸው ጋር የቅጥር ውል እንዲፈርሙ ወይ ለቀው እንዲወጡ ተደረጉ።

መሬቱ ቢቀር ቁጠባው ይኖራል ያሉም አልቀናቸውም። ኮንግረስ በማርች 1865 ፈቃድ የሰጠው የነፃ ወጪዎች ቁጠባ ባንክ ከወታደር፣ ከልብስ አጣቢና ከቀን ሠራተኛ የተለቀመውን ሳንቲም ሲሰበስብ፣ አስቀማጮቹ መንግሥት ዋስ የሆነለት ባንክ መስሏቸው ነበር። አስተዳዳሪዎቹ ግን ገንዘቡን ለባቡር ኩባንያዎችና ለዋሽንግተን የቤትና የመሬት ነጋዴዎች በበቂ መያዣ ሳይደገፍ አበደሩት፤ ባንኩ በ1874 ሲዘጋ ከ61,000 በላይ ሰዎች ሦስት ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ተቀማጭ ነበራቸው፤ ብዙዎቹ ከፊሉን ብቻ ከዓመታት በኋላ አገኙ፣ ምንም ያላገኙም አሉ። ለነዚህ ሰዎች «ሠርታችሁ ቆጥቡ» ብሎ የሚመክር ሰው፣ መክሮ የጨረሰው እነርሱ ሠርተው ቆጥበው ከተዘረፉ በኋላ ነው።

የካሳውን ሕዝባዊ ንቅናቄ የመሩት ወይዘሮ ካሊ ሐውስ የወጡት ከዚህ ሕዝብ መካከል ነው። በ1861 በቴነሲ ክፍለ ግዛት በናሽቪል አቅራቢያ በባርነት ተወለዱ፤ አግብተው አምስት ልጆች ያሳደጉ ሲሆን፣ ባላቸው ከሞቱባቸው በኋላ ልጆቹን ያኖሩት በልብስ አጠባና በስፌት ነው። የደቡብ ልብስ አጣቢ ሳምንት በዚያ ዘመን በሚከተለው መልክ ያልፍ ነበር፤ ሰኞ ከየነጮቹ ቤት የተሰበሰበው ልብስ በጥቅል ታስሮ ይመጣል፤ ውሃው ከጉድጓድ ወይም ከሰፈር ቧንቧ በባልዲ ይመላለሳል፤ በግቢው መካከል እንጨት ተማግዶበት በሚፈላ ትልቅ የብረት ድስት ልብሱ ይቀቀላል፤ ሳሙናው ከአመድ ውሃና ከስብ፣ አሚዶው ከስንዴ ብጣሪ በቤት ይዘጋጃል፤ ከዚያ በምድጃ ላይ የጋለ ካውያ እየተፈራረቀ ይተኮስና ቅዳሜ ታጥፎ ለባለቤቱ ይመለሳል። ከባርነት ዘመን የተረፉ አዛውንቶች በየጎዳናው ጧሪ ቀባሪ አጥተው ሲወድቁ ያዩት ካሊ ሐውስ የዚህ ሥራ ሴት ናቸው፤ ሥራ ጠልታ እጇን ዘረጋች የሚባልላቸው ሴት አይደሉም።

ንቅናቄያቸው ካሳውን የጠየቀው በጡረታ መልክ ነበር፤ የጡረታው ሐሳብ የመነጨው ግን ከእርሳቸው አልነበረም። ዋልተር ቮን የተባሉ ነጭ የጋዜጣ አዘጋጅ ለቀድሞ ባሮች ጡረታ ይሰጥ የሚል ረቂቅ ሕግ አዘጋጅተው የነብራስካው የኮንግረስ አባል ዊልያም ኮኔል በ1890 እንዲያቀርቡት አደረጉ። በረቂቁ መሠረት ዕድሜው 70 የሞላው ሰው በአንድ ጊዜ 500 ዶላርና በየወሩ 15 ዶላር፣ ከ60 እስከ 70 ያለው 300 ዶላርና በየወሩ 12 ዶላር ሲያገኝ፣ ከዚያ በታች ያሉት በየዕድሜያቸው ያነሰ ይሰጣቸው ነበር። የቮን ዓላማ ለአረጋውያኑ ከማሰብ ይልቅ ገንዘቡ በደቡብ ገበያ እየተበተነ በጦርነቱ የደቀቀውን የነጮቹን ንግድ እንዲያነቃቃ ነበር። ቮን በአንድ ዶላር ይሸጡት የነበረው ትንሽ መጽሐፍ እጃቸው የገባው ካሊ ሐውስ ሐሳቡን ይዘው ዓላማውን ተዉት። አይዛያ ዲከርሰን ከተባሉ መምህርና ሰባኪ ጋር ሆነውም የቀድሞ ባሮች ብሔራዊ የመረዳጃ፣ የአበልና የጡረታ ማኅበርን መሠረቱ፤ ማኅበሩ በ1897 በናሽቪል ሕጋዊ ሰውነት አገኘ።

የማኅበሩ አሠራር እድርን ለሚያውቅ የአማርኛ አንባቢ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። አዲስ አባል ሲገባ 25 ሳንቲም፣ ከዚያ በኋላ በየወሩ 10 ሳንቲም ይከፍላል፤ በየአጥቢያው የሚቋቋመው ቅርንጫፍ ደግሞ ለፈቃድ ወረቀቱ ሁለት ዶላር ከሃምሳ ይልካል። ገንዘቡ ሁለት ሥራ ይሠራ ነበር፤ በአጥቢያ የሚቀረው የታመመ አባል ይታከምበታል፣ የሞተ ይቀበርበታል፤ ወደ ናሽቪል የሚሄደው የአቤቱታ ፊርማ ይሰበሰብበታል፣ ወደ ዋሽንግተን ለሚላክ ሰው የመንገድ ይሆናል፣ ለዓመታዊው ጉባኤ ይውላል። ካሊ ሐውስ ከቴነሲ እስከ ሚሲሲፒና ቴክሳስ በየአብያተ ክርስቲያናቱ እየዞሩ አባል መለመሉ፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም በማኅበሩ መዝገብ ሰፈሩ። እዚህ ላይ የእድርን ታሪክ ማስታወስ ይገባል፤ እድርን የፈጠረው መንግሥት ያልደረሰበት የቀብር ጉዳይ ነው፣ ይሁንና እድርተኛ መሆን መንግሥትን መብት ከመጠየቅ ያግዳል ያለ ሰው የለም። ለናሽቪል ማኅበር ግን ሁለቱን አብሮ መያዝ ወንጀል ሆኖ ተቆጠረበት።

የጡረታ ጉዳይ በዘመኑ የእብድ ሕልም አልነበረም። የሰሜኑ ጦር ዘማቾችና የሟች ዘማቾች ሚስቶች የሚቀበሉት ጡረታ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ከፌዴራሉ መንግሥት ወጪ ከአንድ ሦስተኛ በላይ ደርሶ ስለነበር፣ አራት ዓመት የተዋጋ ወታደር የሚያገኘውን አርባ ዓመት ያለ ደመወዝ ያረሰ ሰው ቢጠይቅ የሚያስደንቅ አልነበረም። ሆኖም የተማሩትና ሀብት ያፈሩት ጥቁሮች፣ ጋዜጦቻቸውም ጭምር፣ በአብዛኛው ንቅናቄውን አልደገፉትም፤ በ1895 ጥቁሩ መምህር ቡከር ዋሽንግተን በአትላንታ ካደረጉት ንግግር በኋላ ጎልቶ የወጣው የሙያ ትምህርትና የንግድ መንገድ የተከበረ ሲሆን፣ የልብስ አጣቢዎቹና የጭሰኞቹ አቤቱታ ግን የማይሆን ተስፋ ተብሎ ተናቀ። በዚህ ጽሑፍ አስተያየት የንቅናቄው ከባድ ጉዳት ይህ ነበር፤ መንግሥት ክንዱን ሲያነሳባቸው ጮክ ብሎ የሚጮህላቸው የተማረ ወገን አላገኙምና።

መንግሥት ክንዱን ያነሳው በፖስታ በኩል ነው። በሴፕቴምበር 1899 የፖስታ መሥሪያ ቤት በማኅበሩ ላይ «የማጭበርበር ትእዛዝ» አወጣ፤ ይህ ትእዛዝ የፍርድ ቤት ውሳኔ ሳያስፈልገው በመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ፊርማ ብቻ የሚጸና ሲሆን፣ የተፈረደበት ሰው ወይም ማኅበር ደብዳቤም ሆነ የሐዋላ ገንዘብ እንዳይቀበል ይከለክላል። በአንድ የገጠር ቅርንጫፍ ያለ ገንዘብ ያዥ የወሩን መዋጮ ሐዋላ አስገዝቶ፣ በደብዳቤ አሽጎ፣ የናሽቪልን አድራሻ ጽፎ ይልካል፤ ፖስታው ናሽቪል ይደርሳል፣ ሳይከፈትም «ማጭበርበሪያ» የሚል ማኅተም ግንባሩ ላይ ተመትቶበት ወደ መጣበት ይመለሳል። ላኪው ቢያነብ ያፍራል፤ ባያነብ ማኅተሙን የሚያነብለት የሰፈሩ ነጭ የፖስታ ሠራተኛ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ክርክር ደግሞ የሚከተለው ነበር፤ ኮንግረስ ይህን ሕግ ፈጽሞ ስለማያወጣ፣ ለማይወጣ ሕግ መዋጮ መሰብሰብ ማጭበርበር ነው። ካሊ ሐውስ በጻፉት መልስ ለመንግሥት አቤቱታ ማቅረብ ሕገ መንግሥቱ ለዜጋ ሁሉ የሰጠው መብት መሆኑን አስታወሱ፤ ትእዛዙ ግን ሳይነሳ ቀረ። ዲከርሰን በ1901 በአትላንታ ተከስሰው ተፈረደባቸው፤ ፍርዱ በይግባኝ ቢሻርም እርሳቸው በ1909 ዐረፉ፣ ሥራውም በካሊ ሐውስ ትከሻ ላይ ወደቀ።

ኮንግረሱ ሲዘጋባቸው ፍርድ ቤቱን አንኳኩ። በ1915 ኮርኔሊየስ ጆንስ በተባሉ ጥቁር ጠበቃ አማካይነት በገንዘብ ሚኒስትሩ በዊልያም ማካዱ ላይ የቀረበው ክስ የጠየቀው 68,073,388 ዶላር ከ99 ሳንቲም ነበር። ቁጥሩ በግምት የመጣ አይደለም፤ መንግሥት ከ1862 እስከ 1868 በጥጥ ላይ የጣለው ግብር ያስገባው፣ በገንዘብ ሚኒስቴር መዝገብ የሰፈረ ሂሳብ ነው። ክርክሩም ግልጽ ነበር፤ ጥጡን የዘሩት፣ የኮተኮቱትና የለቀሙት በባርነት የነበሩት ሰዎች ናቸው፤ ለጉልበታቸው ያልተከፈላቸው ደመወዝ በግብር መልክ መንግሥት እጅ ገብቷል፤ ስለዚህ ገንዘቡ የእነርሱ ውዝፍ ነው። የዋሽንግተኑ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ1916 ክሱን የዘጋው የክርክሩን ፍሬ ነገር ሳይመረምር «ሉዓላዊ ያለመከሰስ» በተባለው መርህ ነው፤ ይኸውም መንግሥት ራሱ ካልፈቀደ በቀር በገዛ ፍርድ ቤቱ ሊከሰስ አይችልም የሚል ከነገሥታት ዘመን የተወረሰ ሕግ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በቀጣዩ ዓመት ውሳኔውን አጸና።

ያ መርህ ባልተደነቀረበት ጊዜ ሕጉ ምን ሊያደርግ ይችል እንደነበር የሚያሳይ አንድ መዝገብ አለ። ሄንሪዬታ ዉድ በኦሃዮ ክፍለ ግዛት በሲንሲናቲ ነፃ ከወጡ በኋላ በ1853 በተንኮል ታፍነው እንደገና ለባርነት የተሸጡ ሴት ናቸው፤ ከጦርነቱ በኋላ ያፈናቸውን ዜቡሎን ዋርድን ከስሰው በ1878 የፌዴራል ፍርድ ቤት 2,500 ዶላር እንዲከፈላቸው ወሰነላቸው። ተከሳሹ ግለሰብ ስለነበር ሉዓላዊነት ሊጋርደው አልቻለም። ልጃቸው ቺካጎ ውስጥ ሕግ ተምሮ ጠበቃ ሆነ፤ ይህ የአንድ ቤተሰብ ታሪክ ካሳ ሰውን ያሰንፋል ለሚለው ወቀሳ ከብዙ ንድፈ ሐሳብ የሚበልጥ መልስ ነው።

ካሊ ሐውስ በ1916 ተይዘው በሴፕቴምበር 1917 ናሽቪል ውስጥ በፖስታ ማጭበርበር ችሎት ቀረቡ፤ ፍርዱን የሰጡት የሸንጎው አባላት (ጁሪዎቹ) ሁሉ ነጭ ወንዶች ነበሩ። የአንድ ዓመት እስራት ተፈርዶባቸው ሚዙሪ ውስጥ በሚገኘው የጄፈርሰን ሲቲ ወህኒ ቤት ገቡ፤ በኦገስት 1918 ሲወጡ ተመልሰው የያዙት የልብስ አጠባውንና የስፌቱን ሥራ ነበር፤ ከመቶ ሺዎች ሳንቲም አጭበርብራ በለጸገች የተባለችው ሴት ኑሮ ይኸው ነው።

ጥያቄው በሌሎች አንደበት ቀጥሏል። በ1969 የመብት ታጋዩ ጄምስ ፎርማን ከነጮቹ አብያተ ክርስቲያናትና ምኩራቦች 500 ሚሊዮን ዶላር ሲጠይቁ በዝርዝራቸው መጀመሪያ ካስቀመጧቸው ነገሮች አንዱ ከመሬታቸው ለተፈናቀሉ ገበሬዎች የሚሆን የመሬት ባንክ ነበር፤ በዚያው ዓመት የመብት ታጋይዋ ፋኒ ሉ ሐመር በሚሲሲፒ ሰንፍላወር አውራጃ በ40 ኤከር የጀመሩት የእርሻ ኅብረት ሥራ፣ ለድሃ ቤተሰብ ያረገዘች አሳማ በውሰት ሰጥቶ ከግልገሎቹ ለሌላ ቤተሰብ እንዲመለስ ያደርግ ነበር፤ እርሻው ግን ጎርፍ፣ ድርቅና የገንዘብ እጥረት ተደራርበውበት በ1970ዎቹ አጋማሽ ከሰመ። የኮንግረስ አባሉ ጆን ኮንየርስ በ1989 ያቀረቡት ረቂቅ የሚጠይቀው ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚሽን እንዲቋቋም ብቻ ቢሆንም እስከ ዛሬ ሕግ አልሆነም። ከዚያ ከአንድ ዓመት በፊት ግን ያው ኮንግረስ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በካምፕ ለታጎሩ ጃፓናውያን አሜሪካውያን ይቅርታ ጠይቆ በሕይወት ላሉት ለእያንዳንዳቸው 20,000 ዶላር እንዲከፈል አዝዟል።

ጉዳዩ ለአዲስ አበባም ሩቅ አይደለም፤ የአፍሪካ ኅብረት የ2025 ዓመታዊ መሪ ቃሉን ያደረገው ለአፍሪካውያንና ለትውልደ አፍሪካውያን በካሳ የሚገኝ ፍትሕን ነው፣ መሪዎቹም በዚያ ዓመት በየካቲት የተሰበሰቡት እዚሁ ከተማ ነው። ከውጭ ካሳ የሚጠይቅ አህጉር የገዛ ቤቱንም መመልከቱ አይቀርም። በኢትዮጵያ ባርነትን በደረጃ ለማስቀረት በ1916 ዓ.ም. ከወጣው አዋጅ በኋላ የነሐሴ 1934 ዓ.ም. አዋጅ ባርነትን በከባድ ቅጣት ከልክሏል፤ በሰው ቤትና በሰው ማሳ ለጠፋ ዕድሜ የሚከፈል ውዝፍ ግን አልደነገገም። «ባሪያ» የሚለው ቃል ዛሬም እንደ ስድብ በሚወረወርበት አገር የሽማግሌዎቹ የመጀመሪያ ጥያቄ፣ ማለትም በደሉ ታምኗል ወይ የሚለው፣ ለራስም ሊቀርብ የሚገባው ነው።

ናሽቪልን በተመለከተ፣ የማዕከሉ መሪ ከታሰሩ በኋላም አንዳንድ የአጥቢያ ቅርንጫፎች ለዓመታት ሳይበተኑ ቆይተዋል። ስለ ጡረታው ወደ ዋሽንግተን የሚጽፍላቸው ባይኖርም አሥር ሳንቲሟን እየሰበሰቡ በሽተኛ ይጠይቁ፣ ሬሳ ያወጡ ነበር። ካሊ ሐውስ በ1928 በካንሰር ዐርፈው ናሽቪል በሚገኘው የአራራት ተራራ መካነ መቃብር ተቀበሩ፤ የሌሎቹን ቀብር ለማስከበር ለዓመታት የደከሙት ሴት ባረፉበት ላይ ስማቸው የተጻፈበት ድንጋይ አልቆመም።